ብረቱና ወረቀቱ ይስማሙ

አባቶቻችን ንብረታቸውን ለይተው የሚያውቁበት ልዩ ልዩ መንገድ ነበራቸው። ላሟን በቀንዷና በጠጉሯ፣ በቅሎዋን በአረማመዷ፣ መሬቱን በዛፍና በድንጋይ ወሰን ይለዩት ነበር፤ ይህ ሁሉ ቢያከራክር ደግሞ የሽማግሌ ምስክርነት ነበረላቸው። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ንብረት ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት እምብዛም አልበለጠም፤ እርሱም አውቶሞቢል ነው። የአውቶሞቢል መልኩ በቀለም ይለወጣል፤ ልቡ፣ ይኸውም ሞተሩ፣ ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ ጎማው፣ መሪው፣ በሩና ወንበሩ ይፈታል፣ ይገጠማል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት መኪናዎች እንደ መንታ ስለሚመሳሰሉም ሽማግሌ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ የመኪና ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር። ሁለቱ ሲስማሙ ባለቤቱ በሰላም ይኖራል። ሲለያዩ ግን ገንዘቡን ከፍሎ፣ ላቡን አፍስሶ የገዛው ሰው እንኳ የራሱ መሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል።

በዚህ ወር ስለ አሮጌና እንደገና ስለ ተሠራ መኪና የባለቤትነት ደብተር፣ ሕዝቡ ሊብሬ ስለሚለው ወረቀት፣ ለመጻፍ ያሰብነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዩና በቡሬ በየግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ፣ ወይም በጋራዥ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ በመጠገን ላይ ያለ አሮጌ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ የአባት ቅርስ ነው፤ አንዳንዱ ከጨረታ የተገዛ ነው፤ አንዳንዱም ከሁለትና ከሦስት መኪና ተሰብስቦ የተገጠመ ነው። ከዚህ በፊት «ይህ ቁርጥራጭ ነው» ተብሎ የተጣለው ሁሉ ዛሬ ዋጋ አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለውን ማደስ ለብዙ ቤተ ሰብ ተስፋ ሆነ። ነገር ግን ብረቱን ለማደስ የሚተጋው ሰው ወረቀቱን ማደስ ሲረሳ እናያለን።

መኪና ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን መኪና በበረሃና በገደል እየነዳ አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቁጥሩ በዛ፤ የእጅ ባለሙያዎቻችንም ቋንቋ ከዚያው ዘመን ጋር ተያያዘ። ታርጋ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ መንገዱ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ ይወርድ የነበረው የኢሉባቦር ነጋዴም ወደ መኪና ተሻገረ። በከተማ ደግሞ ፊያት 600ና ቮልስዋገን ታወቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የማያስታውስ አረጋዊ ጥቂት ነው። የዚያች መኪና ዓይነት መሠራቱ በሜክሲኮ በ1995 ዓ.ም. ቢያበቃም፣ በአዲስ አበባ ጎዳና እስከ ዛሬ የምትሄደው ባለሙያዎቻችን ስለሚጠግኗት ነው።

አሮጌ መኪናን አፍርሶ በአዲስ መልክ መሥራት በሌላውም ዓለም የታወቀ ሙያ ነው። በአሜሪካ፣ በተለይ በካሊፎርኒያ፣ ወጣቶች ርካሽ የሆነውን የፎርድ መኪና ገዝተው፣ አላስፈላጊውን ላሜራ ቆርጠው፣ ብርቱ ሞተር ገጥመው በደረቀ ሐይቅ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ፎርድ በ1932 እ.ኤ.አ. ስምንት ሲሊንደር ያለውን ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ከገጠመ በኋላ ይህ ሥራ ይበልጥ ተስፋፋ፤ እንዲህ ያለውንም መኪና ሆት ሮድ ብለው ሰየሙት። ነገር ግን መኪናው ምንም ቢያምር፣ በሕዝብ መንገድ ለመሄድ የባለቤትነት ወረቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሠሪው ሞተሩን ከማን፣ ሻንሲውን ከማን እንደ ገዛ በደረሰኝ ያስረዳል፤ መኪናው ይመረመራል፤ የፋብሪካ ቁጥር ከሌለው መንግሥት አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ አገር የቀድሞ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው፣ እውነተኛው ባለቤት ቢመጣ ካሣ የሚሆን ዋስትና አስይዞ ወረቀት የሚያገኝበት ሥርዓት አለ። ከዚህ የምንማረው፣ ሠልጥኗል በሚባለው አገር እንኳ እጀ ብልህነት ብቻውን ባለቤት እንደማያደርግ ነው።

የእኛም አገር የራሱ ሆት ሮድ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ ከዚህ የሚቆጠር ነው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአገራችን ላሜራ ሠሪዎች ብረቱን ቀጥቅጠው፣ መስኮትና ወንበር አበጅተው አውቶቡስ አደረጉት፤ ስሙም ከመዶሻው ሥራ ወጣለት። ሕዝባችን ከመቱ ወደ በደሌ፣ ከበደሌ ወደ ጅማ ሲመላለስበት ኖሯል። ይህ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና የጭነት መኪና ሆኖ የተመዘገበ ሻንሲ ሰው መጫኛ ሲሆን፣ ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ፣ መዝገቡ ስለ አንድ መኪና ይናገራል፤ በመንገድ ላይ የሚሄደው ግን ሌላ መኪና ይሆናል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሁሉ ነገሩ የተለወጠ መኪና ያው የቀድሞው መኪና ነውን? የመጥረቢያ እጀታ ቢሰበር ሌላ እናስገባለታለን፤ መጥረቢያው ግን ያው ነው እንላለን። ብረቱ አልቆ ሌላ ብረት ቢገጠምለትስ? በመኪና ረገድ ሕግ የሚመልሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሻንሲውን በማየት ነው። ሻንሲ የመኪና የጀርባ አጥንት ነው፤ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ አካሉም በእርሱ ላይ ይቀመጣሉ። በብሪታንያ ለብዙ ዘመን ይሠራበት የነበረ አንድ ደንብ ይህን በቁጥር ይገልጸው ነበር። እጅግ የተለወጠ መኪና የቀድሞ ስሙን ይዞ ለመቆየት ቢያንስ 8 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። ለሻንሲው 5፣ ለባሌስትራውና ለመሰሎቹ 2፣ ለአክሱ 2፣ ለካምቢዮው 2፣ ለመሪው 2 ሲሰጥ፣ ለሞተሩ የሚሰጠው ግን 1 ብቻ ነበር። ከፍ ያለ ገንዘብ የምናወጣበት ሞተር በማንነት ረገድ ከሁሉ ያነሰ መሆኑ ያስደንቃል።

እዚህ ላይ የኢሉባቦር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ላንድሮቨር መሠራት የጀመረው በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከዓለም ጦርነት በኋላ ብረት እጥረት ስለ ነበር ፋብሪካው የውጭ አካሉን በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ሠራው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ላንድሮቨር በሩና ኮፈኑ ደኅና ሆኖ ይታያል። ሻንሲው ግን ብረት ነው። የእኛ አገር ደግሞ ዝናብ የበዛበት ነው፤ ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ መሆኗ የታወቀ ነው። ጭቃው በሻንሲው ውስጥና ውጭ ተጣብቆ ክረምት ከበጋ ሲያረጥበው፣ ዝገቱ ከሥር ይበላዋል። በሌላ አነጋገር፣ ዝናባችን ከላይ ያለውን ውበት ትቶ ከታች ያለውን ምስክር ይበላል ማለት ነው። ቁጥሩ የተመታበት ብረት ሲረግፍ፣ ወይም በያጁ ሲቆረጥና በሌላ ሲቀጠል፣ የመኪናው ማንነት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሻንሲ ከመቁረጥና ከመለወጥ በፊት መሥሪያ ቤቱን ማስፈቀድ፣ የቀድሞውን ቁጥር በፎቶግራፍ ማስቀረት፣ የተቆረጠውንም ብረት ሳይጥሉ ማቆየት ብልህነት ነው።

በአገራችን ይህን የሚመለከተው ዋናው ሕግ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ነው። ሊብሬ የባለቤቱን ስም፣ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዘመን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ ቀለሙንና አገልግሎቱን የሚይዝ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ ደብተሩም አብሮ መለወጥ አለበት። ሞተር የለወጠ ሰው የሞተር ለውጥ፣ ቀለም የቀየረ የቀለም ለውጥ፣ ጭነቱን ወደ ሰው መጫኛ የመለሰ የአገልግሎት ለውጥ ያስመዘግባል። በየዓመቱም መኪናው ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል። ምርመራው ለይስሙላ የተደረገ አይደለም። ብርቱ ሞተር የተገጠመለት አሮጌ መኪና ፍሬኑ የቀድሞው ደካማ ፍሬን እንደሆነ፣ ከጎሬ ወደ ቡሬ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማሰብ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የስም ነገር ነው፤ ቤተ ሰብን ይበልጥ የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው። በአገራችን መኪና ሲሸጥ ስሙን ወደ ገዢ በማዛወር ፈንታ ሻጩ ለገዢው ውክልና ፈርሞ መለያየት ልማድ ሆኖ ኖሯል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት እናስብ። ገዢው ወጣት ነው፤ ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ስም ማዛወሩ ብዙ ምልልስ አለው፤ ለአሁኑ ውክልናውን ይፈርሙልኝና ጊዜ ሲገኝ እንጨርሰዋለን» ይላል ገዢው። «እሺ ልጄ፣ እንደ ተመቸህ ይሁን፤ እኔ ገንዘቤን ተቀብያለሁ» ይላሉ ሽማግሌው። ሁለቱም ቅኖች ናቸው፤ ሁለቱም አልተታለሉም። ዓመታት ያልፋሉ። ሽማግሌው ያርፋሉ፤ ገዢውም ጎልምሶ፣ መኪናዋን በብዙ ወጪ አሳድሶ፣ እርሱም በተራው ይሞታል። ልጁ ደብተሩን ገልጦ ያያል። «እማዬ፣ ሊብሬው ላይ እኮ የአባባ ስም የለም» ይላል። «ልጄ፣ አባትህ ገንዘብ ከፍሎ ነው የገዛት፤ አገር ያውቃል» ትላለች እናቱ። እውነቷን ነው፤ ነገር ግን አገር የሚያውቀውን መዝገብ አያውቀውም። «ቃል ይረሳል፣ መጽሐፍ ይወርሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ስለዚህ ያ የተፈረመው ወረቀት ሽማግሌው ባረፉ ጊዜ ኃይሉን አጥቷል። መኪናዋን መሸጥ፣ ስሟን ማዛወር፣ ለብድር ማስያዝ ያስቸግራል። የሽማግሌው ልጆች ደጎች እንደሆኑ ነገሩ ይቃናል፤ «የአባታችን ስም አለበት» ያሉ እንደሆነ ግን ሙግት ይነሣል፤ እናትየውም ለልጆቿ ትምህርት ያሰበችውን ገንዘብ ለጠበቃና ለመጓጓዣ ታወጣለች።

ሻጩስ ከአደጋ ነፃ ነውን? አይደለም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። መኪናው ሰው የገጨ እንደሆነ ተበዳዩ መጀመሪያ የሚፈልገው ስሙ በመዝገብ ላይ ያለውን ሰው ነው። እንግዲህ ከአሥር ዓመት በፊት ሸጥሁ ብሎ የረሳው ሰው መጥሪያ ሲደርሰው መሸጡን ማስረዳት የእርሱ ፈንታ ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ መሆኑ ተጎጂውን ይረዳል፤ ሆኖም የሻጩን ጭንቀት ሁሉ አያስቀርለትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አሮጌ መኪና ለመግዛት ወይም ለማሳደስ ለሚያስብ ቤተ ሰብ የሚከተለውን እንመክራለን።

በመጀመሪያ፣ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ሊብሬውን በእጅ ይዞ ወደ መኪናው ሥር መውረድ ያስፈልጋል። የሻንሲውን ቁጥር በቆሻሻ ከተሸፈነበት በጨርቅ ጠርጎ ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። በቮልስዋገን እንደሆነ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር ባለው ብረት ላይ ይገኛል። ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም በሌላ መዶሻ የተመታ የመሰለ እንደሆነ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ነገር ፍጻሜው የፖሊስ ምርመራ ነውና።

ሁለተኛ፣ መኪናው ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ እንደሌለበት ከመዝገብ ቤቱ መጠየቅ ነው። ሻጩ ባለ ትዳር እንደሆነ መኪናው የጋራ ንብረት ሊሆን ስለሚችል የባልም የሚስትም ፈቃድ ይጠየቅ። የሽያጩም ውል ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም፤ ስሙም ሳይውል ሳያድር ይዛወር። የምልልሱ ድካም የጥቂት ቀን ነው፤ የሙግቱ ድካም ግን የዓመታት ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተርም ሆነ ሻንሲ ሲገዛ ከደረሰኝ ጋር ይገዛ። ከውጭ የገባ እንደሆነ የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን፣ ከሌላ መኪና የወጣ እንደሆነ የዚያ መኪና ባለቤት የሽያጭ ውልና የሊብሬው ግልባጭ ይያዝ። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለም ይባላል፤ ነገር ግን ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ሞተር በርካሽ የገዛ ሰው፣ የሰውን ዕንባ ገዝቶ እንዳይሆን ያስፈራል። ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞም ወደ ዞኑ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ የትኛው ለውጥ እንደሚፈቀድና ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ይገባል፤ መመሪያዎች በየጊዜው ይሻሻላሉና።

አራተኛ፣ ነገሩ አስቀድሞ የተበላሸበት ቤተ ሰብ ተስፋ አይቁረጥ። የሞተው አባት እንደሆነ፣ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። የድሮውን የሽያጭ ውል፣ የመድን ወረቀት፣ የቦሎና የግብር ደረሰኝ ሁሉ ይሰብስቡ፤ ሽያጩን ያዩ ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ስማቸው ይያዝ። ከዚያም ወደ ሻጩ ወራሾች በሽማግሌ ይሂዱ። ውል የፈረመ ሰው ግዴታው ለወራሾቹ ስለሚተርፍ፣ እምቢ ቢሉ እንኳ በፍርድ ማስፈጸም ይቻላል። ሁሉም በሕይወት ያሉ እንደሆነ ግን ጊዜው ዛሬ ነው፤ ውክልናው ሳይሞት ስሙ ይዛወር።

በመጨረሻ ስለ አንድ ክፉ ምክር ማስጠንቀቅ ግዴታችን ነው። ወረቀቱ የጎደለበት ሰው ሲጨነቅ የሚያይ ደላላ፣ «ምን አስጨነቀህ? የተሰባበረ መኪና ሊብሬ አለኝ፤ ዓይነቱ ያው ነው፤ ቁጥሩን ማስመታት ብቻ ነው» ይለዋል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ማታለል ነው። በሐሰት አትመስክር የተባለው በአፍ ስለሚነገረው ብቻ አይደለም፤ በብረት ላይ በመዶሻ የሚጻፈውም ሐሰት ያው ሐሰት ነው። በምድራዊ ሕግም ወንጀል ነው፤ መኪናውም ይወሰዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ሐሰት ለልጅ መውረሱ ነው። አባቱ ያደረገውን የማያውቅ ልጅ በንጹሕ ልቡ መኪናውን ሲነዳ ተይዞ ስላላደረገው ነገር ይጠየቃል። በደኅና የተሠራ፣ ነገር ግን ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለ መኪና በግቢ ቆሞ ቢቆይ ኪሣራው የገንዘብ ብቻ ነው።

ባለሙያዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቻችን ሞተር ስታወርዱና ሻንሲ ስትበይዱ፣ የወጣውንና የገባውን ቁጥር በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለባለቤቱ በፊርማችሁ ስጡት። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የአንዲትን መበለት ንብረት ሊያድን ይችላል። የእጃችሁ ሥራ ያማረ መሆኑን እናውቃለን፤ የሥራችሁም ምስክር እንዲሁ ያማረ ይሁን።

እናንተም አባወራዎችና እመቤቶች፣ መኪናም፣ ባጃጅም፣ ሞተር ብስክሌትም በቤታችሁ ካለ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከልጆቻችሁ ጋር ሊብሬውን ከሣጥን አውጡ። አንዱ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ያንብብ፤ ሌላው ከወረቀቱ ላይ ይከተል። ስሙም የማን እንደሆነ ተመልከቱ። ከተስማማ እግዚአብሔርን አመስግናችሁ መልሱት፤ ካልተስማማ ግን ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት ከደጁ ተገኙ።